አንድ ማሽን አይፈርድም
(በኩየራ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ከአዳማ ተነሥቶ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል ኩየራ የደረሰ መንገደኛ የስንዴና የበቆሎ ማሳ ሲመለከት ይመጣል። በመልካሳ ቆላማ አየር ያማረ ዝርያ በቁሉምሳ ከፍታ ሊከስም ስለሚችል፣ ተመራማሪዎች በየአካባቢው ዘርተው፣ ዓመት አፈራርቀው ካላዩት በስተቀር «ተለቀቀ» አይሉም። ዛሬ የምናገርለት ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው አጠናቃሪ፣ አለቃቀቁ ከዚህ አይለይም።

ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ጥፋትም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጤና ተቋም የበሽተኞችን ስም በአማርኛ የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍሁ። ኢንቴል ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒዩተሬ ላይ ለወራት ሞክሬ እንከን አላገኘሁበትም። ተቋሙ ግን መብራት የሚቆጥብ፣ አርም ፕሮሰሰር ያለው አነስተኛ ማሽን ገዛ። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ተጠናቅሮ ሥራውን ጀመረ። በማግስቱ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ደውላ፣ «ኢንጂነር፣ የካርዱ ቁጥር አለ፤ የሰውየው ስም ግን የለም» አለችኝ። በካርድ ክፍል ስም መጥፋት የአንዱ መድኃኒት ለሌላው እንዲሰጥ መንገድ መክፈት መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሰበቡ እንዲህ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ሲገባ ለ«ሀ» የተሰጠው ቁጥር 4608 ነው። በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ ሲቀመጥ 225፣ 136፣ 128 የሚባሉ ሦስት ባይቶች ይሆናል። የሲ ቋንቋ ደንብ ደግሞ ተራው የፊደል ዓይነት ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለውን ለኮምፓይለሩ ትቶታል። በሊኑክስ ሥር፣ በኢንቴል ማሽን ይይዛል፤ ስለዚህ 225 የነበረው -31 ሆኖ ይነበባል። በአርም ማሽን ግን 225 እንደሆነ ይቀራል። እኔ «ከዜሮ ካነሰ የግእዝ ፊደል ነው» ብዬ ስለ ጻፍሁ፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ፕሮግራሙ ሁሉንም ፊደል ጣለው። ኮምፓይለሩ አልተሳሳተም፤ ያልተፈተነው የእኔ ግምት ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር ከ128 በታች ስለሆነ በዚያ ቋንቋ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን እንከን ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል። እኛ ግን በመጀመሪያው ፊደል እንሰናከላለን።

ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። የባይት ቅደም ተከተላቸው የተገላቢጦሽ የሆነ ማሽኖች አሉ፤ በሁለት ባይት የተጻፈ 4608 ተገልብጦ ሲነበብ 18 ይሆናል። በቀድሞዎቹ ባለ 32 ቢት የኢንቴል ማሽኖች ደግሞ የነጥብ ቁጥር ስሌት በ80 ቢት መካከለኛ ውጤት ሊካሄድ ስለሚችል፣ በ64 ቢት ከሚያሰላው ማሽን ጋር የመጨረሻው አሐዝ ላይገጥም ይችላል።

ኮምፓይለር ሠሪዎች ለዚህ ሁሉ ሥርዓት አበጅተዋል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂ.ሲ.ሲ. በሦስት እርከን ይፈተናል። ነባሩ ኮምፓይለር አዲሱን ያጠናቅራል፤ የተገኘው ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ያጠናቅራል፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውን ይወልዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ካልተመሳሰሉ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህ ግን ወጥነትን እንጂ ትክክለኛነትን ስለማያረጋግጥ፣ በየዋናው የማሽን ዓይነት ላይ ብዙ የሙከራ ፕሮግራሞች ይካሄዳሉ። በቀድሞው እትም ይሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ ከተበላሸና ጉዳዩ ከባድ ከተባለ፣ እርሱ እልባት ሳያገኝ እትሙ አይወጣም። መልቀቂያው ሲቃረብም አዲስ ነገር መጨመር ቀርቶ እርማት ብቻ ይፈቀዳል።

ከዚህ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው? አንደኛ፣ የሙከራ ጽሑፋችን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይሁን። ሁለተኛ፣ ሌላ ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ባይኖረን እንኳ፣ ሌላ ፕሮሰሰር መስሎ የሚሠራው ኪዩኢሙ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በኢንቴል ማሽንም ላይ ፊደሉ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ጂ.ሲ.ሲ.ን ማዘዝ ይቻላል፤ እኔ ይህን አንድ ትእዛዝ ባውቅ ኖሮ ጥፋቱን በቢሮዬ በያዝሁት ነበር። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተገኘ ስሕተት ዳግመኛ እንዳይመለስ ራሱ የሙከራ ፕሮግራም ሆኖ ይቀመጥ።

የእኔን ስሕተት ለማረም አንድ መስመር በቃኝ። የዚያን ቀን ስሞች ግን ያቺ ሠራተኛ ከወረቀት ካርዶቹ እያየች አንድ በአንድ እንደገና ጻፈቻቸው። አባቶቻችን «አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» ይላሉ። እኔም አንድ ማሽንም አይፈርድም እላለሁ።