«ለሁሉም መሬት» የተባለው ጎማና የመራጩ ኃላፊነት



ለመስክ ሥራ የሚሰማራ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ሲገዛ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታውና ስለ ዋጋው ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይመከራል። ስለ ጎማው ግን የሚመክር እምብዛም አይገኝም። ከመኪናው ጋር የመጣው ጎማ ባለቀ ጊዜ የሚተካው፣ ወይ ዝቅተኛ ዋጋ የቀረበበት ነው፣ ወይ በመልኩ ኃይለኛ መስሎ የታየው ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ፍሬኑም የቱንም ያህል ቢይዝ፣ መኪናው ከመሬት ጋር የሚገናኘው በጎማው ብቻ ነው። 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ክብደቱ በአራቱ ጎማዎች ላይ እኩል ቢያርፍ፣ በጎማዎቹም ውስጥ 2.4 ባር ንፋስ ቢኖር፣ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት 245 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ጎልማሳ የጫማ ልክ ብዙም አይበልጥም። ቀያሹም፣ ክትባት ይዛ የምትወርደው ነርስም፣ ሾፌሩም በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሕይወታቸውን አደራ የሚሰጡት ለነዚህ አራት የጫማ ልኮች ነው።

በገበያ የሚገኙት የመስክ መኪና ጎማዎች በጠቅላላው በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ለአስፋልት የተሠራው፣ ጥርሱ የተቀራረበውና ለስላሳው ነው። ሁለተኛው ለጭቃ የተሠራው፣ ጥርሱ የጎላውና የተራራቀው ነው። ሦስተኛው «ለሁሉም መሬት» የሚባለው፣ በሁለቱ መካከል የሚቆመው ነው። ሚሽሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የራዲያል ጎማን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ይህ አሠራር ቀስ በቀስ ወደ መስክ መኪና ተዛመተ፤ ቢ.ኤፍ. ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ራዲያል ጎማም «ለሁሉም መሬት» የሚለውን ስያሜ ታዋቂ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው።

ስያሜው ግን ከሚሰጠው ተስፋ ጋር አብሮ መመዘን ይኖርበታል። ጎማ አንዱን ጠባይ የሚያገኘው ሌላውን ከፍሎ ነው። ጭቃ እንዲያራግፍ በጥርሶቹ መካከል የተተወው ክፍተት፣ በዝናብ በረጠበ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መንገዱን ሊይዝ ይገባው የነበረ ጎማ የጎደለበት ስፍራ ነው። እሾህና ድንጋይ እንዲችል የወፈረው ጎን፣ ክብደት ጨምሮ ነዳጅ የሚያስበላና ቶሎ የሚሞቅ ጎን ነው። ስለዚህ «ለሁሉም መሬት» ማለት በሁሉም መሬት የሚበልጥ ማለት ሳይሆን፣ በየትኛውም መሬት ከሁሉ የከፋ አለመሆን ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት የኢትዮጵያን መሬት ማየት ይበቃል። ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ጥቁር አፈር፣ በየአካባቢው ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው፣ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ይጣበቃልም። የመካከለኛው ጎማ ጥርስ ጥቂት እንደ ዞረ በዚህ አፈር ይሞላና ጥርሱ እንዳለቀ ጎማ ይሆናል። የጭቃው ጎማ ሲሽከረከር አፈሩን ስለሚያራግፍ የተሻለ ይሄዳል፤ ነገር ግን በነሐሴ ወር ማሳው እስከ ሥሩ በራሰ ጊዜ እርሱም ይሰጥማል። ያን ጊዜ ሰንሰለት ማሰር ወይም መሬቱ እስኪጠነክር መቆየት እንጂ ጎማ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

በኮረኮንች መንገድ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ልቅ ጠጠር በጎማና በመንገድ መካከል እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይንከባለላል፤ የተሳለውም ድንጋይ በሰፊ ጥርስ መካከል ተሰክቶ ወደ ውስጥ ይሰረስራል። ለዚህ መንገድ መካከለኛው ጎማ በእርግጥ የተሠራለት ነው ማለት ይቻላል። በኤርታሌ ዙሪያ ባለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ደግሞ የሚጎዳው ጥርሱ ሳይሆን ጎኑ ነው፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ በጎሚስታ ጥገና በአስተማማኝ ሁኔታ አይድንም። በአሸዋ ላይም የጎላ ጥርስ ይቆፍራል እንጂ አይረዳም።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከመኪናው የጉዞ መዝገብ ነው። ያለፈው ዓመት ኪሎ ሜትር በአስፋልት፣ በኮረኮንችና መንገድ በሌለበት ሜዳ ተከፋፍሎ ሲጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ከግምቱ የተለየ ነገር ይታያል። ከመቶ ሰባ እጁን በአስፋልት የሚሄድ መኪና በዓመት ለሁለት ሳምንት ጭቃ ሲባል የጭቃ ጎማ ቢደረግለት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል፤ ብድሩም የሚከፈለው በዝናብ ቀን፣ ፍሬን በተያዘበት በዚያች ቅጽበት ነው። በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ ከገጠር ጣቢያ ወደ ቀበሌ የሚመላለሰውን መኪና በአስፋልት ጎማ ማሰማራት ሾፌሩን ያለ መሣሪያ መላክ ነው።

ከመንገዱ ቀጥሎ የሚታየው ጭነቱ ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ይህን ይናገራል። 112 የሚለው መለያ ጎማው 1,120 ኪሎ፣ 121 የሚለው ደግሞ 1,450 ኪሎ ሊሸከም መቻሉን ያመለክታል። በኋለኛው አክስሉ ላይ 2,000 ኪሎ የሚያርፍበት መኪና በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ 1,000 ኪሎ ይጭናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጎማ የሚቀረው ትርፍ 120 ኪሎ ብቻ ነው። ይህም ትርፍ የሚገኘው ጎማው ለዚያ ጭነት የተመደበለትን ሙሉ ንፋስ ሲይዝ ነው። ንፋሱ በጎደለ መጠን የመሸከም ኃይሉም ይጎድላል።

የልኩም ነገር እንዲሁ ነው። 265/70 አር 16 የተባለው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 777 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በእርሱ ምትክ 800 ሚሊሜትር የሆነ ቢገጠም መኪናው ከመሬት በመጠኑ ከፍ ይላል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን 80 ሲያሳይ መኪናው ከ82 በላይ ይሄዳል። ሁለቱ ዲፈረንሻሎች አብረው በሚሠሩበት ጊዜ የፊቱና የኋላው ጎማ ልክ ከተለያየ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ማርሹና ወደ ዲፈረንሻሉ ይተላለፋል። ትርፉ ጎማም ከአራቱ ጋር አንድ ልክ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ የጠጋኙ እጅ ነው። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ በሩቅ ገጠር በመንቀያ ብረት፣ በማጣበቂያና በእጅ ፓምፕ ሊጠገን ይችላል፤ ሚስማር ሲወጋው ግን ንፋሱ በድንገት ይወጣል። ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ ንፋሱን ቀስ ብሎ ስለሚያጣ ለሾፌሩ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ከቸርኬው ጠርዝ ከለቀቀ መልሶ ለማስቀመጥ ብርቱ ኮምፕሬሰር ይጠይቃል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በጉዞው መስመር ላይ ያለው ጎሚስታ ነው።

የጎማው ዕድሜም መታየት አለበት። በጎኑ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2321 ማለት እ.ኤ.አ. የ2021 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት፣ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሰኔ 2013 ዓ.ም. መግቢያ ነው። በመጋዘን ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አዲስ አይደለም፤ ላስቲኩ በሙቀትና በአየር ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ምርጫው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ንፋሱ ነው። እንግሊዛዊው የጦር መሐንዲስ ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሊቢያን በረሃ በተራ የፎርድ መኪናዎች ያቋረጠው የተለየ ጥርስ ያለው ጎማ አግኝቶ አልነበረም፤ ንፋስ ቀንሶና የብረት ሰሌዳ ከጎማው ሥር አንጥፎ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከ2.4 ባር ወደ 1.2 ባር ሲወርድ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ መኪናውም በአሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን በዚህ ንፋስ መሄድ የሚቻለው በዝግታ ብቻ ሲሆን፣ አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። ፓምፕ ያልያዘ ሾፌር ንፋስ ሊቀንስ አይገባውም።

ከፍታና ሙቀትም የራሳቸው ሥራ አላቸው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ገደማ አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ጎማ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ወደሚለው ዳሎል ሲወርድ፣ የውጪው አየር ስለሚከብድ በመለኪያው ላይ ሩብ ባር ያህል ይቀንሳል። የቦታው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪው አንድ አሥረኛ ባር ያህል ይጨምርበታል። ስለዚህ በቀትር ሲለካ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፤ ሌሊት ቀዝቅዞ በማለዳ ሲለካ ጉድለቱ ይገለጣል። ከሁሉ የሚከፋው በጉዞ ላይ የጋለ ጎማ ንፋሱ በዛ ተብሎ ሲተነፍስ ነው። የተነፈሰው ጎማ ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ጎማ የሚለካው ቀዝቅዞ፣ በማለዳ፣ በደረሱበት ቦታ ነው።

ክቡራት፣ ክቡራን፤ ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር አጭር ነው። የግዢ ኮሚቴ የጎማ ሰነድ ሲፈርም በቅድሚያ የጉዞ መዝገቡን ያስቀርብ፤ የጭነቱን ቁጥር ያመሳክር፤ የተሠራበትን ሳምንት ያንብብ፤ ለየመኪናው መለኪያና ፓምፕ አብሮ ይግዛ። ከሁሉ በላይ መኪናውን የሚነዳውን ሾፌር በኮሚቴው ፊት ጠርቶ ይጠይቅ። ዋጋ ያወዳደረው ሰው ከቢሮው ሳይነሣ የወሰነውን፣ ሾፌሩ በቁልቁለቱ ላይ ይፈትነዋል፤ ፈተናውን የሚወድቀው ግን ኮሚቴው ሳይሆን በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ነው።