የደከመ ሰው ጀልባ

ጓዙን ጠቅልሎ በባለ ሸራ ጀልባ ላይ ለመኖር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ርዝመቷን ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ እንቅልፍ ያጣ፣ እጁ የደነዘዘ አንድ ሰው በሌሊት ብቻውን ሊያዛት ይችላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1968 ከእንግሊዝ አገር የተጀመረው፣ ወደብ ሳይነኩ ለብቻ ዓለምን የመዞር ውድድር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከተነሡት ዘጠኝ ሰዎች የጨረሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ብቻ ነበር። ጀልባው ሱሃይሊ ቦምቤይ ውስጥ ከቲክ እንጨት የተሠራች፣ 10 ሜትር እንኳ የማትሞላ ዘገምተኛ ነበረች። በጉዞው ላይ ሬዲዮው ተበላሸ፤ መሪዋን በሰው ፋንታ የሚይዘው መሣሪያም ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። እሱ ግን ሸራዎቹን አመዛዝኖ እየወጠረ በራሷ አቅጣጫዋን እንድትጠብቅ አደረጋትና በ312 ቀን ጨረሰ። ሦስት ታንኳ ጎን ለጎን የተያያዘ በሚመስል ፈጣን ጀልባ የተጓዘው ናይጅል ቴትሊ ደግሞ ሲያጣድፋት፣ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው ተሰባብራ ሰጠመችበት።

«ትልቅ ጀልባ ማዕበል ትችላለች፣ ውኃና ስንቅም እንደ ልብ ትይዛለች» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሚያዛት ጉልበት እስካለ ድረስ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በሸራው ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፊውን ሸራ በኤሌክትሪክ የሚስብ መሣሪያ ቢኖርም፣ ባትሪው ሲያልቅ ያ ሁሉ ሸክም ወደ ክንድ ይመለሳል። ስለዚህ ብልህ መርከበኛ ሸራውን የሚያሳጥረው ነፋሱ ሲያስጨንቀው ሳይሆን «ላሳጥረው ይሆን?» ብሎ ባሰበበት ቅጽበት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፦ መስቀያውን ገመድ ለቀቅ፣ ሸራውን ወደ ታች ሳብ፣ የወረደውን ጨርቅ ከአግዳሚው ጋር ሸብ። ጀልባዋ በጎኗ ተጋድማ ውኃው ፊትን ሲገርፍ ግን፣ ጣት ያልለመደውን ቋጠሮ ዓይን አይፈታውም።

«የነፍስ አድን ታንኳ ይዣለሁ» የሚለውም መጽናኛ ይመርመር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1979 ፋስትኔት በተባለው የባለ ሸራ ጀልባዎች ውድድር የተሰለፉትን 303 ጀልባዎች ከእንግሊዝ ወደ አየርላንድ ሲሻገሩ ማዕበል መታቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ሰው ጥሏቸው ከወጣ 24 ጀልባዎች የሰጠሙት 5 ብቻ ናቸው፤ 19ኙ በኋላ ተገኝተዋል። በዚያ ጨለማ የወጡትን መውቀስ አይገባም፤ ምሰሶዋ የተሰበረና ውኃ የገባባት ጀልባ የምትሰጥም ነው የምትመስለው። ቁጥሩ የሚያስተምረው ግን ጀልባዋ ከሚታሰበው በላይ እንደምትችልና ታንኳው የመጨረሻው በር መሆኑን ነው። የመጀመሪያው መከላከያ ሰውን ከጀልባዋ ጋር የሚያስር ቀበቶ ነው፤ በ5 ኖት (በሰዓት 5 የባሕር ማይል) የምትሄድ ጀልባ ከወደቀ ሰው በአንድ ደቂቃ 150 ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በማዕበል መሃል ደግሞ ከዚያ ርቀት የሰው ጭንቅላት አይታይም።

እንግዲህ ጀልባ ሊገዛ የሄደ ሰው አልጋውንና ወጥ ቤቱን ካየ በኋላ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ወጥቶ ሻጩን «እጅዎን ይሰብስቡልኝ፤ ሸራውን ብቻዬን ላሳጥረው» ይበለው። ካቃተው ትቷት ይሂድ።