ጆሮ ክዳን የለውም

በሲኒማ ቤት የፈራ ሰው ዓይኑን በእጁ ይሸፍናል፤ ጆሮው ግን ክዳን የለውምና ሙዚቃው ያሳድደዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ሮድሪጌዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ለታየው «ፕላኔት ቴረር» ለተባለው አስፈሪ ፊልሙ ዋናውን የሻከረ የጊታር ዜማ ራሱ ደረሰ። ሥዕሉም ሆን ተብሎ ያረጀና የተጫረ እንዲመስል ተደረገ። የቀድሞዎቹ ርካሽ ፊልሞች ሻካራነት ግን ከገንዘብ ማጣት የመጣ ነበር። ታዲያ ባለጸጋ የድኻ ቡትቶ ቢለብስ ማስመሰል አይደለምን? ይኸው ሰው በዚያው አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የታየውን «ኤል ማሪያቺ»ን በ7,000 ዶላር ያህል የቀረጸ ስለ ሆነ፣ ማጣትን በወሬ አላወቀውም። ችግርን ያላየ ቢኮርጀው ፌዝ ይሆናል፤ ያለፈበት ሲያነሣው ግን ምስክርነት ነው።