በውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ ለዓሣ ቤት ስለ መሆኑ
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ሰዓት የቀረበ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ባሕር የሌላት አገር ልጆች ሆነን ስለ ባሕር ድንጋይ ምን አገባን የሚል ቢኖር አልቀየመውም፤ መልሱን ግን ወደ ንግግሬ መጨረሻ አደርሰዋለሁና እስከዚያ ይታገሠኝ። ለጊዜው የማሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ድንጋይ በሁለት ዐይን ሊታይ መቻሉ ነው። ለመሐንዲሱ ድንጋይ ማለት የመሠረት፣ የግንብና የመንገድ ዕቃ ነው። በውሃ ውስጥ ለሚኖረው ፍጥረት ግን ድንጋይ ቤት፣ ጓዳና የልጅ ማሳደጊያ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግር የሚመጣው አንደኛው ሌላውን ሳይጠይቅ ድንጋዩን ያነሣ እንደ ሆነ ነው።

ይህን በማስረጃ ለማስረዳት ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው የዴንማርክ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ዴንማርክን የከበበው ባሕር ወለሉ በአብዛኛው አሸዋና ጭቃ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ትልልቅ ድንጋዮች ተከምረው ይገኛሉ፤ የባሕር ሰዎች ሪፍ የሚሉት ይህን ነው። ድንጋዮቹ የዚያ ስፍራ ተወላጆች አይደሉም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከኖርዌይና ከስዊድን በኩል የወረደው ግዙፍ በረዶ ዐለቱን እየገመሰና እየፋቀ ተሸክሞ አመጣቸው፤ አየሩ ሞቆ በረዶው ሲቀልጥም በየቦታው ጥሏቸው ሄደ። ይህ ከሆነ ከ10,000 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ ዓሣ ይዋለዳል፤ አልጌም ተቆርጦ ይበቅላል፤ አሸዋንም ማዕበል ያመላልሰዋል፤ የእነዚያ ድንጋዮች ምንጭ ግን ደርቋል። አንዱ ከተነሣ በቦታው የሚተካ ሌላ የለም።

እንግዲህ ይህ የድንጋይ ክምር ለዓሣ ምን ይጠቅመዋል? ጥቅሙን በአምስት ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፤ ድንጋይ ለባሕር አልጌ መያዣ ነው። የባሕር አልጌ እንደ ምድር ተክል ሥር ሰዶ ምግቡን ከአፈር አይስብም፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ በመላ አካሉ ከውሃው ይወስዳል። በግርጌው ያለው ሥር የሚመስል ነገር ሥራው አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው። የሚይዘው ጠንካራ ነገር ከሌለ ግን ማዕበል ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ትልልቆቹ ቡናማ አልጌዎች በአሸዋ ላይ አይቆሙም፤ በድንጋይ ላይ ግን የፀሐይ ብርሃን እስከሚደርስበት ጥልቀት ድረስ እንደ ጫካ ሆነው ይቆማሉ።

ሁለተኛ፤ ድንጋይ የምግብ ገበታ ነው። በድንጋዩ ገጽና በአልጌው መካከል ባለ ዛጎል ፍጥረታት ይጣበቃሉ፤ ስፖንጅ፣ ሸርጣን፣ ትልና ጥቃቅን የሽሪምፕ ዘመዶች ይርመሰመሳሉ። ዓሣው ወደዚህ የሚመጣው ድንጋዩን ወድዶ አይደለም፤ በድንጋዩ ላይ የተዘረጋውን ማዕድ ፈልጎ ነው።

ሦስተኛ፤ ድንጋይ መሸሸጊያ ነው። ትልቁ ትንሹን በሚውጥበት ዓለም ውስጥ የሕይወትና የሞት ልዩነት አንዳንድ ጊዜ አንዲት የድንጋይ ስንጥቅ ናት። ኮድ የሚባለው የሰሜን ባሕር ዓሣ ካደገ በኋላ ኃይለኛ በላተኛ ቢሆንም በልጅነቱ የብዙዎች መብል ነው። ስለዚህ ጫጩቱ በአልጌውና በድንጋዩ መካከል ተሸሽጎ ያድጋል። እዚህ ላይ የድንጋዩ መጠን ብቻ ሳይሆን አከማመሩም ዋጋ አለው። ትልቁና ትንሹ ተደበላልቆ፣ በመካከሉ ሰፊም ጠባብም ዋሻ ሲኖር፣ ለእያንዳንዱ ቁመት የሚሆን ክፍል ይገኛል። ተስተካክሎ እንደ ወለል የተነጠፈ ድንጋይ ግን በር እንደሌለው ቤት ነው።

አራተኛ፤ ድንጋይ የውሃውን ጉዞ ይለውጣል። ሞገዱ ከክምሩ ጋር ሲጋጭ ከፊሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፊሉ ወደ ጎን ይዞራል። ከክምሩ በስተጀርባ ጸጥ ያለ ውሃ ይሆናል፤ ዓሣውም በዚያ ዐርፎ ኃይሉን ይቆጥባል። በክምሩ አናት የሚያልፈው ሞገድ ደግሞ ጥቃቅን ምግብ ይዞ ይመጣለታል።

አምስተኛ፤ ድንጋይ ማሕፀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉ የሚጣበቅ ስለ ሆነ በጠጠር፣ በድንጋይና በአልጌ ላይ ይጥለዋል። ላምፕፊሽ የሚባለው ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። እንስቲቱ እንቁላሏን በድንጋይ ላይ ጥላ ትሄዳለች። አባትየው ግን በሆዱ ላይ ባለው መጥመጫ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ፣ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ለሳምንታት ንጹሕ ውሃ እያራገበለት ይጠብቀዋል። ድንጋዩ ከሌለ ይህ ሁሉ የአባትነት ትጋት የሚያርፍበት የለውም።

አሁን ወደ ሰው ልጅ ሥራ ልመለስ። ዴንማርክ ከቦርንሆልም ደሴት በቀር ጠንካራ ዐለት በምድሯ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ወደብ ለመሥራት፣ የማዕበል መከላከያ ለመገንባትና የባሕሩን ዳር ከመሸርሸር ለማዳን ድንጋይ ሲያስፈልግ ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ጠላቂ ወርዶ ድንጋዩን ያስራል፤ የጀልባው ማንሻ ይስበዋል። ሥራው በአገሩ ቋንቋ «ድንጋይ ማጥመድ» ተብሎ ይጠራ ነበር። በተለይ በ20ኛው መቶ ዓመት መሣሪያው እየበረታ ሲሄድ የሚነሣው ድንጋይ በዛ። በመጀመሪያ የተጠረገውም በቀላሉ የሚደረስበት ጥልቀት የሌለው ክምር ነው፤ ይህ ማለት ብርሃን የሚያገኘውና አልጌው በብዛት የሚበቅልበት ማለት ነው።

እነዚያን ሰዎች ሞኞች ነበሩ ብዬ አልፈርድባቸውም። ድንጋይ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ከባሕር በታች ያለውንም ኑሮ ያየው ጥቂት ሰው ነበር። ነገር ግን ከተሠሩት ወደቦች መካከል የዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚጠለልባቸው መኖራቸውን ስናስብ ነገሩ ያሳዝናል። ለአጥማጁ ጀልባ ቤት ተሠራ፤ የተሠራው ግን የዓሣውን ቤት በማፍረስ ነው። የእኛ አባቶች «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ፤ ድንጋይ ጎርጓሪው ግን ዘንዶም አላወጣም፤ ዓሣውን አራቀ እንጂ። በመጨረሻም በ2010 ድንጋይ ማጥመድ በሕግ ተከለከለ። ከዚያ በፊትም የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ባወጣው የተፈጥሮ መኖሪያዎች መመሪያ ሪፍ ጥበቃ ከሚገባቸው መኖሪያዎች መካከል ተቈጥሯል።

መከልከል ግን የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ በካቴጋት ባሕር፣ ከሌሶ ደሴት አጠገብ፣ ሌሶ ትሪንዴል በሚባለው ስፍራ አንድ ሙከራ ተደረገ። ይህ ክምር ትልልቅ ድንጋዮቹ ተነሥተው የቀሩትን ትንንሾች ማዕበል እያንከባለለ ይበትናቸው ነበር፤ በሚንከባለል ድንጋይ ላይ ደግሞ አልጌ አይጸናም። በ2008 ከኖርዌይ የድንጋይ ካባ 100,000 ቶን ያህል ድንጋይ በመርከብ ተጭኖ መጥቶ በስፍራው ተጣለ። ልብ በሉ፤ በረዶው ከዚያው ከሰሜን አገር ያለ ዋጋ ያመጣውን፣ ሰው ካነሣው በኋላ መልሶ በገንዘብ ገዛው።

ውጤቱን ተመራማሪዎች ድንጋዩ ከመጣሉ በፊትና ከተጣለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓሣውን በመረብ እየያዙ አመዛዘኑት። አልጌው ተመለሰ፤ በስፍራው የሚያዘው ኮድም ከበፊቱ በዛ። እንደዚሁም በውሃ ውስጥ የተቀመጡ የድምፅ መቅረጫዎች፣ የዶልፊን ዘመድ የሆነውና ዓሣ እየበላ የሚኖረው ትንሽ አጥቢ እንስሳ ከቀድሞው የበለጠ ወደዚያ መመላለሱን አስረዱ። በላተኛው ከመጣ የሚበላው አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንድ ተጠራጣሪ ተነሥቶ፤ «የድንጋይ ክምር ዓሣን ያበዛል ወይስ በሌላ ቦታ የነበረውን ይሰበስባል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሊቃውንቱም ሲከራከሩበት ኖረዋል። ገበያ ሰውን ይሰበስባል እንጂ ሰውን አይወልድም። ነገር ግን የድንጋይ ክምር ገበያ ብቻ አይደለም። እንቁላል የሚጣበቅበት፣ ጫጩት የሚሸሸግበት፣ ምግብም የሚበቅልበት ስፍራ ነውና ከመሰብሰብ ያለፈ ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ ክምሩ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። በካቴጋት የኮድ ብዛት ከጥንቱ እጅግ ዝቅ ያለው ድንጋይ ስለ ተነሣ ብቻ ሳይሆን ያለ ልክ ስለ ተጠመደም ጭምር ነው። የዓሣ መሰብሰቢያ አበጅቶ ዙሪያውን በመረብ መክበብ፣ ቤት ሠርቶ በሩ ላይ ወጥመድ እንደ ማጥመድ ነው።

አሁን ባሕር የሌላት አገር ልጆች ምን አገባን ለሚለው የተበደርሁትን መልስ ልክፈል።

ጣና ሐይቃችን ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በውስጡም በሳይንስ ስማቸው ላቤዎባርበስ የሚባሉ ወደ 15 የሚደርሱ የዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ቤተ ሰብ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ያለ ስብስብ በሙሉነቱ የሚታወቀው በጣና ብቻ ነው። ከእነዚህ ዓሣዎች መካከል ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውሃ የሚፈስበትን የጠጠር መደብ ነው። እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ፤ በጠጠሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃም ለእንቁላሉ ኦክሲጅን ያደርስለታል። ደለል ከሸፈነው ግን እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

እንግዲህ የጣና ጠጠር የሌሶ ትሪንዴል ድንጋይ ታናሽ ወንድም ነው። ከእነዚያ ወንዞች አሸዋና ጠጠር ለሕንፃ ሥራ ይወጣል፤ ከተራቆተው ተዳፋት ደለል ይወርዳል፤ ዓሣው ለመራባት ሲጓዝም በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቀዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት ከግማሽ በላይ መቀነሱን በሐይቁ ላይ የተደረገው ጥናት አሳይቷል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ በመረብ ማፈስ ነው።

ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለባዮሎጂ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ነገ ድልድይና ግድብ የምትሠሩ የምሕንድስና ተማሪዎች፤ ጠጠሩ ከየት ወንዝ፣ በየትኛው ወር እንደሚወጣ ጠይቁ። ነገ ሕግ የምታረቁ፤ ዓሣው በሚራባባቸው የክረምት ወራት የወንዙ አፍ ከመረብ ነጻ እንዲሆን የሚደነግግ አንቀጽ በወረቀት ላይ ከመዋሉ ይልቅ መከበሩን ተከታተሉ። ከአጥማጁ ቤተ ሰብ የተወለዳችሁም ካላችሁ፤ አባቶቻችሁ ስለ ወንዙ የሚያውቁትን ጽፋችሁ አቈዩልን።

የዴንማርክ ሰዎች ድንጋዩን አንሥተው ጥቅሙን ከብዙ ዓመት በኋላ ቢረዱም፣ ድንጋይ የሚገዙበት ጎረቤትና የሚገዙበት ገንዘብ ነበራቸው። ለእኛ ግን የጣናን ዓሣ የሚሸጥልን ጎረቤት የለም፤ በሌላ አገር የለምና። «ዓሣን መብላት በብልኀት» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ዓሣው አጥንት ነው፤ እኛ ደግሞ ዓሣው ስለሚወለድበት ጠጠር እንድናስብበት ያስፈልጋል።