የጓሮ ላስቲክ ቤት በበጋ ሌሊት እንዴት ይሙቅ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን የቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ አመራሮች፣
ውድ የመሠረታዊ ማኅበራት አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣

 

ዛሬ የምናገረው በጓሯችን ችግኝ የምናፈላባትን አነስተኛ የላስቲክ ቤት በትንሽ ወጪ ስለማሞቅ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት አገር ናት። “እዚህ ደግሞ ምን ብርድ አለ?” የሚል ይኖራል። ቀኑ ሞቃት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም እንደ ውሃ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ይህ ብርድ የቆመ ሰብል ባይገድልም መደብ ላይ ያለውን ዘር ያዘገያል።

መዘግየቱን በቁጥር እንየው። የአፈሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የበርበሬ ዘር በ8 ቀን ገደማ ይበቅላል። ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ግን ያው ዘር 25 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ቲማቲምም ከ6 ቀን ወደ 14 ቀን ይዘገያል። ሽንኩርት በ15 ዲግሪም ቢሆን በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። በመሆኑም ላስቲካችንን ለበርበሬና ለቲማቲም እናውለው እንጂ በሽንኩርት መደብ ላይ አናባክነው።

በመስኖ ለሚያለማ ሰው ሁለት ሳምንት ቀላል አይደለም። ችግኙ በዘገየ ቁጥር ሰብሉ ውሃ አብዝቶ የሚፈልግበት ጊዜ ወንዙም ምንጩም ወደሚሳሳበት ወቅት ይገፋል። ያን ጊዜ በውሃ ተራ መጨቃጨቅ ይመጣል።

ከሰል አንድዶ ማስገባት መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ። ይህን ፈጽሞ አናድርግ። በተዘጋ ላስቲክ ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ችግኝም ይጎዳል፣ ወጪውም በየሌሊቱ ነው። ቁም ነገሩ ሙቀቱን ቀን ሰብስቦ ሌሊት መጠበቅ ነው። ፀሐይ ደግሞ ክፍያ አትጠይቅም።

አንደኛ፣ ቦታ እንምረጥ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከቤታችን ግድግዳ በስተደቡብ በኩል እንሥራ። የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ቀን ሞቆ ሌሊት ሙቀቱን ይሰጣል። ረባዳ ቦታ ግን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ቤቱን አናተልቀው። ስፋቱ 1 ሜትር በሆነ መደብ ላይ ቀጫጭን እንጨት ቀስት አድርጎ ተክሎ፣ ከፍታውን ከ60 ሳንቲ ሜትር ሳያሳልፉ ላስቲክ ማልበስ ይበቃል። ጠባብ ቤት ቶሎ ይሞቃል፤ ላስቲክም ይቆጥባል።

ሦስተኛ፣ ፍግ እንጠቀም። መደቡን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍረን፣ ትኩስ እበት፣ በጠጥ ወይም የአህያ ፋንድያ ከጭድ ጋር ቀላቅለን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር እንሙላ። ውሃ አርከፍክፈን እንጠቅጥቀውና 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ለም አፈር እናልብሰው። ሲብላላ ከሥር ያሞቃል። የመጀመሪያው ትኩሳት ዘር ስለሚያቃጥል ሳምንት ያህል ሳንዘራ እንቆይ።

አራተኛ፣ ውሃ ሙቀት ይይዝልን። እኩል ክብደት ካለው ድንጋይ ይልቅ ውሃ ከአራት እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። ያረጁ ጀሪካኖችን በጥላሸት አጥቁረን፣ ውሃ ሞልተን ከመደቡ ዳር በስተሰሜን እንደርድራቸው።

አምስተኛ፣ ክዳን አይጓደል። ተራ ላስቲክ ነፋስ ይከለክላል እንጂ የሌሊት ሙቀት ያሳልፋል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ላስቲኩን ዘግተን፣ ሲመሽ ከማሽላ አገዳ የታሰረ ምንጣፍ ወይም ያረጀ ሰሌን እናልብሰው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ምንጣፉን እናንሳ። ከ3 ሰዓት በኋላ ጫፍና ጫፉን ከፍተን እናናፍስ፤ ታፍኖ የዋለ ችግኝ ከሥሩ ይበሰብሳል። ውሃ የምናጠጣው ጠዋት እንጂ ማታ አይሁን። ወደ ማሳ ከመዛወሩ በፊትም ከ7 እስከ 10 ቀን ክዳኑን ቀስ በቀስ እየቀነስን ችግኙን እናለማምደው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ላስቲኩ ብቻ ነው። ተራው ላስቲክ ከአንድ ወቅት ብዙም አይዘልቅም። የፀሐይ ጨረር እንዲቋቋም የተሠራው ግን ዋጋው ቢወደድም ከ3 እስከ 4 ዓመት ያገለግላል። እሱ የሚሸጠው በትልቅ ጥቅል ስለሆነ አንድ አርሶ አደር ብቻውን አይችለውም። ማኅበር የተቋቋመው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ዩኒየናችን ጥቅሉን በጅምላ ገዝቶ ለአባላት በሜትር ቢያከፋፍል፣ የወረዳ አመራሮችም ጥቅምት ሳይገባ በየገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ አንድ አንድ ማሳያ መደብ ቢያሠሩልን፣ የዘንድሮ በርበሬያችን ውሃው ሳይሳሳ ማሳ ይገባል።