ባሕርን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስለ ማኖር

በትምህርት ቤታችን ለመምህራን፥ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ርእስ «በጥቂት ገንዘብ አንዲት ትንሽ የባሕር አኳሪየም እንዴት ትቋቋማለች?» የሚል ነው። አኳሪየም ማለት ዓሣና ሌላውም የውኃ ፍጥረት እየኖረ የሚታይበት የመስታወት ሣጥን ነው። የባሕር አኳሪየም በጨዋማ ውኃ የሚሞላ ሲሆን፥ የክብር ነዋሪው ኮራል ነው።

ምናልባት ከወላጆቻችን መካከል «እናቶች ውኃ ከሩቅ በጀሪካን ተሸክመው በሚያመጡበት በሰሃላ፥ ልጆቻችን ውኃን በመስታወት ዘግተው ሊመለከቱት ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳልመልሰውም አልቀመጥም። ነገር ግን መልሱ እንዲገባን አስቀድመን ኮራል ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል፤ እርሱ ግን እንስሳ ነው። በሪፍ የሚኖሩት ብዙዎቹ ኮራሎች በአካላቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ አልጌዎችን ያስጠልላሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ኃይል ምግብ ይሠሩና ለአስጠላያቸው ያካፍላሉ። ድንጋያማ የሚባሉት ኮራሎች ከውኃው ካልሲየም እየወሰዱ አፅማቸውን ይገነባሉ፤ አፅሙም በብዙ ሺህ ዓመታት እየተደራረበ ሪፍ የሚባለውን የባሕር ውስጥ ግንብ ያቆማል። ሪፍ የሚይዘው የባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ሆኖም ከታወቁት የባሕር ፍጥረታት ወደ ሩብ የሚጠጉት በእርሱ ይጠለላሉ። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ እንዲህ ያለ ግንብ አለ።

ይህ ብርቱ ግንበኛ ግን ለውጥን አይችልም። የውኃው ሙቀት ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ቢቆይ፥ አልጌዎቹን ከአካሉ ያስወጣና ነጭ ይሆናል፤ እንዲሁ ከሰነበተም ይሞታል። እንግዲህ የባሕር ሣጥን ያቋቋመ ሰው የሚጠብቀው ዓሣንና ኮራልን ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ውኃን ነው። ንግግሬ ሁሉ በዚህ በአንድ ቃል ይጠቃለላል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በጣም ሩቅ አይደለም። ከእኛ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የዳናክል ዝቅተኛ ምድር ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ዛሬ ከ100,000 ዓመታት በላይ በሆነው ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት ነበር፤ በዳርቻው የደረቁ የኮራል ግንቦች እስከ ዛሬ በየብስ ላይ ይታያሉ። ውኃው ከባሕሩ ከተቈረጠ በኋላ ፀሐይ አተነነችው፤ ኮራሉ ሞተ፥ ጨው ቀረ። በቀድሞ ዘመን ነጋዴዎች ወደ ሰቆጣ ገበያ ያመጡት የነበረው አሞሌ ከዚያው አገር የተቈረጠ ነው። ስለዚህ ዳናክል የተነነው ውኃ ያልተተካለት ታላቅ የባሕር ሣጥን ነው ማለት ይቻላል።

«እንግዲያስ አሞሌውን በውኃ ብናሟሟው ባሕር ይሆንልናል» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚሆን ጨው አለ። አብዛኛው እኛ የምንበላው ዓይነት ሲሆን፥ ከእርሱ ጋር ማግኒዚየም፥ ካልሲየም፥ ፖታሲየምና ሌላም ብዙ ነገር ተደባልቋል። ባሕር ሲደርቅ እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይረጉም፤ አስቀድሞ የካልሲየም ውሕዶች፥ ቀጥሎ የምግብ ጨው፥ በመጨረሻም የማግኒዚየምና የፖታሲየም ጨዎች በየተራ ይለያሉ። አሞሌ የመካከለኛው ተራ ድርሻ ነው፤ ለወጥ ይበቃል፥ አፅም ለሚገነባ ኮራል ግን አይበቃም። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው መግዛት ግድ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ።

አንደኛ፥ ሣጥኑ። ርዝመቱ 50፥ ወርዱ 30፥ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን እስከ አፉ ቢሞላ 45 ሊትር ይይዛል፤ ጥቂት ጎደል አድርገን በ40 ሊትር እናስበው። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን መስታወት ባለ ሱቁ ቈርጦ ይሰጣል፤ መጋጠሚያውም መድኃኒት ባልተጨመረበት ሲሊኮን ይጣበቃል። ከደረቀ በኋላ በደጅ ውኃ ሞልቶ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየትና ማንጠባጠቡን መመርመር ይገባል። ሣጥኑ ከነውኃውና ከነድንጋዩ ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፥ ጠንካራና ያልተዛባ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። የመስኮት ፀሐይ እንዳያገኘው ይሁን፤ ውኃውን ያሞቀዋል፥ አረንጓዴም ያለብሰዋል። ለኮራሉ ብርሃን የሚሰጠው ነጭና ሰማያዊ የሆነ የኤል ኢ ዲ መብራት ነው፤ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃዋል።

ሁለተኛ፥ ውኃው። ጨው የሚሟሟበት ውኃ ንጹሕ መሆን አለበት። የክረምት ዝናብ ለዚህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ አይሁን፤ የቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ስለሆነ የባሕር ፍጥረታትን ይጎዳልና። በንጹሕ ላስቲክ ከሰማይ በቀጥታ ማጠራቀም ይሻላል። የመዳብ ዕቃም አይቅረበው። ለ40 ሊትር ወደ 1,400 ግራም ጨው ይገባል። በየሳምንቱ 4 ሊትር ቢለወጥ፥ ለዚያ 140 ግራም፥ ለዓመቱም ከ7 ኪሎ በላይ ጨው ያስፈልጋል። አኳሪየም ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ለዓመቱም ጭምር ማሰብን የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ይህችን ሒሳብ እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። ከ40 ሊትሩ 2 ሊትር ቢተን፥ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ 1,400 ግራሙ ጨው በ38 ሊትር ውስጥ ይቀራል። በሊትር 35 የነበረው ወደ 37 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ የተነነው የሚተካው በጨዋማ ሳይሆን ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህም በየቀኑ ይደረጋል። ይህን የረሳ ሰው በክፍሉ ውስጥ ትንሽ ዳናክል ይሠራል።

ሦስተኛ፥ አየርና ሙቀት። እንደ ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል፤ በውኃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨዋማና ሞቃት ውኃ ደግሞ በተፈጥሮው የሚይዘው ኦክሲጅን ጥቂት ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው የሚበቃው ማናፈሻ ለደጋ ሰው ላይበቃ ይችላል፤ ውኃው ሌሊትና ቀን መናወጥ አለበት። ሙቀቱም በ24 እና በ26 ዲግሪ መካከል እንዲጸና፥ ለደጋ ሌሊት ማሞቂያና ቴርሞሜትር ያስፈልጋሉ።

መብራት ቢጠፋስ? እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የተባለች የእንግሊዝ አገር ቄስ ባለቤት ሕያው ኮራል ከባሕር ዳርቻ ወደ ለንደን ወሰደች። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማናፈሻ አልነበረም፤ ስለዚህ ውኃው በክፍት መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ደጋግሞ እንዲገለበጥ ታደርግ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ክንድ የኮራሉ ሳንባ ሆነ ማለት ነው። መብራት በጠፋ ቀን እኛም በማንቆርቆሪያ ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ፥ ውድ መሣሪያ ሳይኖር በሕያው የባሕር ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ የባሕር ሣጥን እንደሚጸና ጽፎ አስታወቀ። ድንጋዩን ሕያው የሚያሰኘው በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው።

አራተኛ፥ ትዕግሥት። ዓሣ ከምግቡ የሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ናይትራይትን ጉዳቱ ወደሚያንስ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ ሠራተኞች እስኪበዙ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሣጥኑ ባዶ መስሎ ይታያል፤ ሥራው ግን እየተሠራ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ውኃው በመመርመሪያ ጠብታ ተለክቶ አሞኒያና ናይትራይት ሳይጠፉ እንስሳ የሚያስገባ ሰው እንስሳውንም ገንዘቡንም ያጣል።

ስለ ወጪው በአጭሩ ልናገር። ጠረጴዛ፥ መስታወት፥ የዝናብ ውኃና ጉልበት ከዚሁ ይገኛሉ። መብራትና የአየር ማናፈሻ ሰው የተጠቀመባቸው ቢሆኑም ይሠራሉ። በጨው፥ በጨው መለኪያ፥ በቴርሞሜትርና በመመርመሪያ ጠብታ ላይ ግን መቈጠብ አይገባም፤ ውኃውን የምናውቀው በእነርሱ ነውና። ኮራሉን ራሱን ከባሕር ሰብሮ በከረጢት ማምጣት ደግሞ አይፈቀድም። የብርቅዬ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ የሚቈጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችን በዝርዝሩ ይዟቸዋል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በሕጋዊ ፈቃድ የሚመጡ፥ በሰው እጅ የተራቡ ለስላሳ ኮራሎች ለጀማሪ ይሻላሉ።

አሁን ወላጆቻችን ይጠይቁ ይሆናል ወዳልሁት ጥያቄ እመለሳለሁ። 40 ሊትር ማለት ሁለት ጀሪካን ውኃ ነው። ከባሕር ሣጥን በየሳምንቱ የሚወጣው 4 ሊትር ጨዋማ ስለሆነ በአትክልት ላይ ቢፈስ መሬቱን ያበላሻል፤ ለከብትም አይጠጣም፤ በሰፊ ሣሕን ተደርጎ በፀሐይ ከመትነን በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ከጣፋጭ ውኃ ሣጥን የሚወጣው ግን ናይትሬት ስላለበት ለችግኝ ምግብ ነው። እናት ተሸክማ ያመጣችው ውኃ ዓሣን አኑሮ፥ ቀጥሎ ዛፍን ያጠጣል፤ አንዲት ጠብታም ከንቱ አትቀርም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ትምህርት ቤታችን የመጀመሪያውን ዓመት በጣፋጭ ውኃ ይጀምር። ጎረቤታችን ተከዜ በ188 ሜትር ግድብ ተገድቦ፥ ግድቡም በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ታላቅ ሐይቅ ሆኗል፤ ዓሣ አስጋሪዎችም ከእርሱ ቆረሶና አምባዛ ያወጣሉ። ሁለት ወይም ሦስት የቆረሶ ጫጩቶች ለ40 ሊትር ይበቃሉ፤ ሲያድጉ ሣጥኑ ስለሚጠባቸው ወደ ኩሬ ይዛወራሉ። ተማሪዎች በየተራቸው በየቀኑ ሙቀቱን ይለኩ፥ የጎደለውን ይተኩ፥ የለኩትን በመዝገብ ይጻፉ። በዓመቱ ውስጥ ያልተጻፈበት ቀን ካልተገኘ፥ ያን ጊዜ የባሕሩን ጨው ለመግዛት ገንዘብ እናዋጣ፤ ውኃውንም በክረምት ከሰማይ እናጠራቅም እንጂ ከእናቶቻችን ጀርባ አንውሰድ። መዝገቡ ክፍት ቦታ ከበዛበት ግን ኮራሉ በባሕሩ ይኑር፤ እኛም በቆረሶው እንማር።

የተከበራችሁ አዳማጮች፤ በሰሃላ የውኃን ዋጋ ከማንም ተምረን አናውቅም፤ ከእናቶቻችን ትከሻ አይተነዋል። በመስታወት ሣጥን ፊት የሚቆም ተማሪ የሚጨምረው ነገር ቢኖር፥ ውኃ በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በጠባዩም እንደሚጠበቅ ማወቅ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ነገ ምንጭን፥ ኩሬንና ተከዜንም ለመጠበቅ የሚችል ሰው ይሆናል።