እምነትም ጥሪት ነው
ስለ ኩባና ስለ ቺሊ ስደተኞች ኑሮ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት በሞት ለተለዩን አባሎቻችን ነፍስ ይማር እንላለን። ለቤተ ሰዎቻቸውም መጽናናትን እንመኛለን።

የዛሬው ርእሳችን ከእድር ጋር ምን አገናኘው የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ የተነሣው ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ልጃቸውን ጠይቀው ከማያሚ የተመለሱ አንዲት እናታችን የኩባ ስደተኞችን ሀብት አነሡ። ባንኩ የነሱ፣ ሱቁ የነሱ፣ ሐኪሙም ከነሱ ነው አሉን። ስቶክሆልም ልጁ ዘንድ ሦስት ወር ቆይቶ የመጣ ወንድማችን ደግሞ የልጁን ጎረቤት፣ የአንድ ቺሊያዊ ሽማግሌን ነገር አጫወተን። ሰውዬው በአገራቸው የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበሩ፤ ስዊድን ከገቡ ወዲህ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ወለል ሲያጸዱ ኖሩ። ይኼኔ ከድንኳኑ ጥግ አንዱ፣ «እንግዲያማ ኩባዎቹ ጎበዝ፣ ቺሊዎቹ ሰነፍ ናቸው ማለት ነዋ!» አለ። ክርክሩ ቀለጠ። ጥቂት ቆይቶም ወደ ራሳችን ዞረ፤ በሰፈራችን አዲስ የገቡት ተከራዮች እድራችን ይግቡ ወይስ አይግቡ፣ ቢገቡስ ዋሳቸው ማን ይሆናል ወደሚለው ማለት ነው። ኮሚቴው ይህን ሰምቶ፣ «እስቲ የነዚያን ሰዎች ነገር አጥንታችሁ ለጉባኤው ንገሩን» ብሎ ለኛ ለሦስታችን ሰጠን። የደረስንበትን እነሆ እናቀርባለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

ኩባ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ከሠራዊታችን ጎን የተሰለፉትን ወታደሮች፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው በትግላችን ሐውልት ላይ የተቀረጸውን ምስላቸውን፣ ወይም ለትምህርት ወደ ወጣቶች ደሴት የሄዱትን ልጆቻችንን ነው። የዛሬው ነገራችን ግን ስለነዚያ ሳይሆን፣ ያንን መንግሥት ሸሽተው ስለወጡት ነው።

በመጀመሪያ፣ ከየአገሩ የወጣው ማን ነበር? ብለን እንጠይቅ።

ፊደል ካስትሮ በጥር ወር 1959 ሐቫና ሲገቡ መጀመሪያ የሸሸው ባለመሬቱ፣ ባለፋብሪካው፣ ሐኪሙና ጠበቃው ነው። ሀብቱ ተወርሷል፤ አብዛኛው የወጣው ሻንጣ ብቻ ይዞ ነው። ዳሩ ግን ሻንጣው ባዶ ቢሆን ጭንቅላቱ ባዶ አልነበረም። ንግድ ያውቃል፣ ሒሳብ ያውቃል፣ ብዙው ከአሜሪካኖች ጋር ሠርቷል። የኮካ ኮላ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑትን ሮቤርቶ ጎይዙዌታን እንውሰድ። ከኩባ የወጡት 40 ዶላርና 100 የኩባንያው አክሲዮን ይዘው ነው ይባላል። ይህን የሰማ ሰው ከባዶ እጅ የተነሡ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እኒህ ሰው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማሩና ሐቫና ሳሉም የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። ከ1965 እስከ 1973 ደግሞ ከቫራዴሮ ወደ ማያሚ በየቀኑ ይመላለስ በነበረው አውሮፕላን ከ250,000 በላይ ሰው ወጣ። በዚህኛው ጊዜ ባለሱቁም፣ ባለእጁም፣ ተራ ሠራተኛውም ነበረበት።

የቺሊው ሌላ ነው። መስከረም 11 ቀን 1973 ጄኔራል ፒኖሼ የፕሬዚዳንት አዬንዴን መንግሥት ሲገለብጡ የተሰደደው ባለሀብቱ ሳይሆን የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ፣ ተማሪው፣ መምህሩና የፓርቲው አባል ነው። በ1975 የወጣ አዋጅ እስራትን በስደት መለወጥን ስለፈቀደ፣ ከወኅኒ ቤት በቀጥታ ወደ አውሮፕላን የተወሰደም አለ። በሳንቲያጎ የስዊድን አምባሳደር የነበሩት ሐራልድ ኤደልስታም የሚታደኑ ሰዎችን እያስጠለሉ ብዙ ነፍስ አድነዋል፤ በዚሁ ምክንያት በታኅሣሥ 1973 ከአገር ተባረሩ። በ1990 ገደማ ስዊድን ውስጥ የሚኖረው በቺሊ የተወለደ ሰው 28,000 ያህል ደርሶ ነበር። ተራራውን ተሻግሮ አርጀንቲና የገባው ቺሊያዊ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እሱ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በፊትም እንጀራ ፍለጋ ወደ ፓታጎኒያ የድንጋይ ከሰል ማውጫና የበግ እርባታ ይወርድ ነበር። ስለዚህ የቺሊ ስደተኛም አንድ ዓይነት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የተቀበላቸው በር ምን ዓይነት ነበር? የሚለው ነው።

አሜሪካ ለኩባዎቹ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች። በታኅሣሥ 1960 ማያሚ ላይ የስደተኞች መቀበያ ተቋቋመ፤ በ1961 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የኩባ ስደተኞች ፕሮግራም የተባለውን አቆሙ። ለቤት የሚሆን ገንዘብ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ለተማሪ ብድር፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሁሉ ነበረበት። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ስደተኞቹ ሐኪሞች ለአሜሪካ ፈተና እንዲበቁ ልዩ ኮርስ ይሰጥ ነበር። በ1966 የመኖሪያ ፈቃድ በቀላሉ የሚያስገኝ ሕግ ለብቻቸው ወጣላቸው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በዚህ ፕሮግራም የወጣው ወጪ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። ይህ ሁሉ ለዓይናቸው ቁንጅና አልተደረገም፤ ከኮሙኒስት አገር ስለሸሹ ነው። በዚያው ባሕር በጀልባ የመጣው የሐይቲ ድኻ ፊት ተነሥቶታል።

ስዊድን ደግሞ ለቺሊዎቹ የከፈተችው በር ሌላ ዓይነት ነው። ነጋዴ አድርጎ የሚያስነሣ ሳይሆን ማንም እንዳይወድቅ የሚደግፍ ነበር። ከ1973 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ የውጭ አገር ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ 240 ሰዓት ስዊድንኛ የመማር መብት አገኘ። ከ1976 ጀምሮ ሦስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት ቻለ። ልጅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለ ክፍያ ይማራል፤ የታመመ ይታከማል። የሚኖሩትም መንግሥት በብዛት ባሠራቸው እንደ ሪንከቢና ቴንስታ ባሉ ሰፈሮች ነበር፤ የኛም ልጆች ብዙዎቹ በዚያው ሰፈር ኖረዋል። ሥራው ግን ጽዳት፣ ፋብሪካ፣ የሕመምተኛና የአረጋዊ አስታማሚነት ነበር። በአገሩ መምህር የነበረው የቋንቋ ነገር አንቆ ያዘው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የስዊድን ኢኮኖሚ ሲናጋና ሥራ አጥነት ሲባባስ መጀመሪያ ከተመቱት መካከል ስደተኞቹ ነበሩ።

ሦስተኛው ነገር፣ እኛ እድርተኞች በደንብ የምናውቀው ነው። እሱም እምነት ነው።

በ1960ዎቹ ማያሚ ውስጥ የአሜሪካ ባንክ ለስደተኛ ብድር አይሰጥም ነበር። መያዣ የለው፣ ደብተር የለው! ታዲያ በአንዳንድ ትንንሽ ባንኮች የብድር ሹም ሆነው የተቀጠሩ ኩባዎች ነበሩ። ተበዳሪውን ከሐቫና ያውቁታል። ሱቁ የት እንደነበረ፣ ዕዳውን በቀኑ ይከፍል እንደነበረ ያውቃሉ። ስለዚህ ያለ መያዣ፣ በስሙ ብቻ፣ ከ10,000 እስከ 30,000 ዶላር ያበድሩት ነበር። ይህ የጠባይ ብድር ተባለ። ብድሩን ያስቀረ እምብዛም አልነበረም፤ ስሙን ያጠፋ ሰው ሌላ በር አያገኝማ! በማያሚ አካባቢ የኩባዎች ድርጅት በ1967 ገና 919 ነበር። በ1976 ወደ 8,000፣ በ1990 ወደ 28,000 ደረሰ። አዲስ የመጣው ኩባዊ እንግሊዝኛ ባያውቅም ከወገኑ ዘንድ ይቀጠራል። ሴቶቹ በሃያሊያ የልብስ ፋብሪካዎች ሲሰፉ ዋሉ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ሥራ ነው፣ ሙያም መልመጃ ነው።

ቺሊዎቹስ እምነት አልነበራቸውም? ነበራቸው እንጂ! ማኅበር ያልነበረበት ሰፈር አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ሙዚቃ እያሰሙ፣ ኤምፓናዳ የሚሉትን እንደኛ ሳምቡሳ በሥጋ የተሞላ ምግባቸውን እየሸጡ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ያ ገንዘብ ግን ሱቅ መክፈቻ አልሆነም፤ አገር ቤት ለታሰሩትና ለትግሉ ተላከ። ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ኖሩ ይባላል። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እንመለሳለን ሲሉ ቤት ሳይገዙ፣ ንግድ ሳይጀምሩ ዓመታት ነጎዱ። ኩባዎቹም መጀመሪያ እንዲሁ ነበሩ፤ ነገር ግን የ1961ዱ የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ዘመቻ ከከሸፈና የ1962ቱ የሚሳይል ፍጥጫ ካለፈ በኋላ ተስፋቸው እየመነመነ ሄደ። ያን ጊዜ ሻንጣቸውን ፈቱ።

ፒኖሼ በ1990 ሥልጣን ሲለቁ ወደ ቺሊ የተመለሱ ብዙ ናቸው። መንግሥት የተመላሾች ቢሮ ከፍቶ እስከ 1994 ድረስ ረዳቸው። ሆኖም የተመለሱበት አገር የተዉት አገር አልነበረም። ጡረታው በግል ኩባንያ እጅ ገብቷል፤ ለጥሩ ትምህርትና ሕክምና ገንዘብ ያስፈልጋል። ልጆቻቸው ስፓኒሽኛ ሲናገሩ ስዊድንኛ ይቀላቅላሉ። ስለዚህ እንደገና ሻንጣ አንሥተው ስዊድን የገቡ አሉ።

እንግዲህ ስናመዛዝነው፣ ለድንኳኑ ክርክር ያለን መልስ ይህ ነው። ጉብዝናና ስንፍና አይደለም የለያቸው። አንዱ ንግድ የሚያውቅ ሆኖ የንግድ አገር ገባ፤ ሌላው ለሠራተኛ መብት ሲታገል ኖሮ የሠራተኛ መብት የተጠበቀበት አገር ገባ። ማያሚ ላይ ከፍ ያለው እጅግ ከፍ ብሏል፤ የወደቀውም ክፉኛ ወድቋል። ስዊድን ላይ ብዙ ባለጸጋ አልወጣም፤ ወለል ሲያጸዱ የኖሩት ሽማግሌ ግን ዛሬ ጡረታቸውን ይቀበላሉ፣ ሲታመሙም ይታከማሉ። ልጆቻቸውም በነጻ ተምረዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ስለ ጠባይ ብድር ስንናገር ሁላችሁም ራሳችሁን በደስታ ስትነቀንቁ አይተናል። ግን የዚህ ታሪክ መጨረሻ አለው። በ1973 ገደማ ያ ብድር ቆመ። ለምን? ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው የባንኩ ሹም አያውቀውማ! ይባስ ብሎ በ1980 ከማሪየል ወደብ 125,000 ያህል ሰው በጀልባ ሲመጣ፣ ካስትሮ ከወኅኒ ያወጧቸው ጥቂቶች ስለነበሩበት ሁሉም ወንጀለኛ ተባለ። የቀድሞዎቹ ኩባዎች ራሳቸው «ማሪየሊቶ» የሚለውን ስም መስደቢያ አደረጉት። እነሱን ያቆማቸው የወገን እምነት ለኋለኛው ወገናቸው ግን ግድግዳ ሆነበት።

ከዚያ ቀደም የሆነ፣ እኛን ይበልጥ የሚመለከት ሌላ ታሪክም አለ። ከ1886 ጀምሮ ታምፓ አጠገብ ኢቦር በምትባል ሰፈር የሲጋራ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ኩባዎች እንደ እድር ያለ ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ ያዋጣሉ፤ አባል ሲታመም ያሳክማሉ፣ ሲሞት ይቀብራሉ። መጀመሪያ ጥቁሩም ነጩም አንድ ላይ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ የዘር መለያየት ሲጠነክር ግን በ1900 ገደማ ተለያዩ። ጥቁሮቹ የራሳቸውን አቋቋሙ፤ እሱም በ1904 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ላ ዩኒዮን ማርቲ ማሴዮ ተባለ። በአንድ ጠረጴዛ ሲጋራ ሲጠቀልል የኖረ ሰው የሚቀብረው ማኅበር ተለየ ማለት ነው።

ታዲያ ለአዲስ ገቢ «ከነባር አባል ሁለት ዋስ ያቅርብ» የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ እኛ ይህን አሰብን። ትናንት ሰፈር የገባች ተከራይ ዋስ ከየት ታመጣለች? ሰው ሳያውቃት ማን ይቆምላታል? ሳትገባስ እንዴት ትታወቃለች? የነባሮቹን ስጋት አናቃልልም። በሽተኛ ቤተ ዘመድ ይዞ ገብቶ፣ ብር ተቀብሎ የሚሄድ ይኖር ይሆናል። ለዚህ ግን መፍትሔው በር መዝጋት አይደለም። አዲስ ገቢ መግቢያውን ከፍሎ ስድስት ወር መዋጮውን ያዋጣ፣ ለቅሶ ይድረስ፣ ድንኳን ይትከል፣ ወንበር ያመላልስ። በስድስት ወር ውስጥ ጠባዩ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሙሉ መብት ያግኝ። ዋሱ የገዛ ሥራው ይሁን እንላለን። ይህ ሐሳብ ለጉባኤው ድምፅ እንዲቀርብ እንጠይቃለን።

ልጆቻችን በዋሽንግተን አካባቢ እቁብም እድርም አቋቁመው ይረዳዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ማን ያውቃቸው ነበር? አንድ የማያውቁት ሰው በሩን ከፍቶላቸው ነው። የራሳችንንም የቆየ መዝገብ ብንገልጥ የመጀመሪያዎቹ አባሎቻችን ከመንዝ፣ ከጉራጌ፣ ከወለጋ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ዘመድ ቢርቃቸው ነው ጎረቤትን ዘመድ ያደረጉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሃምሳ አንደኛው ሰው ሲመጣም ሸክሙ ይቀላል እንጂ አይከብድም።

 ፈጣሪ ለከርሞ በደኅና ያገናኘን።